አሮጌ መኪና፣ አሮጌ መንገድ

ቤቴ ኮልፌ፣ እንጀራዬ አዲስ ዓለም ነው። ደርሶ መልሱ በቀን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አስኮ ተጋፍቼ፣ ቡራዩ ወርጄ፣ ሆለታ ሌላ ተሳፍሬ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። ተማሪዎቼም «ቲቸር ዛሬም ታክሲ አጣ» ማለት ጀመሩ። እናም ዕቁብ ሲወጣልኝ ከቁጠባዬ ጋር ደምሬ ያገለገለች የቤት አውቶሞቢል ፍለጋ ወጣሁ።

ደላላው ያሳየኝ ኮሮላ ዩኒቨርሲቲ ከገባችው ልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። ዋጋዋን ስሰማ ግን ያረጀች ሳይሆን የተሾመች መሰለኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ወርቅ ናት፤ ሁለት ዓመት ነድተው አትርፈው ይሸጧታል» አለኝ። ስለ ፍሬኗ ጠየቅሁት፤ ስለ ትርፏ መለሰልኝ።

በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። የእኛው ለምን ይወደዳል? ነገሩ ከዚያው ከምመላለስበት መንገድ ይጀምራል።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ ሲመናመን አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ታደጋት፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለቱን ያገናኘው መንገድ ግን ቀረልን፤ ከአገራችን ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በብዙ ድካም ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሳት። መኪና እንግዲህ አገራችን የገባችው የንጉሥ መደነቂያ ሆና እንጂ የሠራተኛ መጓጓዣ ሆና አይደለም።

ያ ስም እስካሁን አልለቀቃትም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪና አቁመው ለአብዮቱ ከጫሩት እሳቶች አንዱን አቀጣጠሉ። መኪና የብዙኃኑ እንጀራ መሆኑ ያኔ በግልጽ ታየ። ግን የታክስ መዝገቡ አልሰማም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ምክንያት የለውም አልልም፤ ነዳጅ ዶላር ይበላል፣ አሮጌ መኪናም ጭስና አደጋ ያበዛል። ነገር ግን አዲሱ ሳይደረስበት አሮጌው እንዳይገባ ሲዘጋ፣ አስቀድሞ የገባው አሮጌ እንደ ቦታና እንደ ቤት ሀብት ይሆናል። ሀብት የሆነ ነገር ደግሞ ይቀባል እንጂ አይጠገንም። «ኤሌክትሪኩስ?» ትሉኝ ይሆናል። ለእሱ ዕቁቤ ሁለቴ ቢወጣም አይበቃኝም።

ወደ ኮሮላዋ ልመለስ። የማምነውን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ሥሯ ገብቶ ሲወጣ ምንም አልተናገረም፤ እጄን ስቦ አሳየኝ። ሻንሲዋ ተቆርጦ የተበየደ ነው፤ ላዩ ደግሞ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደላላው አልደነገጠም። «ጋሼ፣ ሲሸጡት እኮ አይታይም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አይታይም። የሚታየው አንድ ቀን ሆለታ መንገድ ላይ፣ ከፊት ለፊት የጭነት መኪና ሲመጣ ነው። እኔ የምፈልገው የምትሸጥ መኪና አይደለም፤ ፍሬን ስረግጥ የምትቆም ናት።

ገንዘቤን ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱም አስኮ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ምኒልክ መንገዱን ካስጀመሩ 120 ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም ዳር ቆመን እንጠብቃለን።