የጥምቀት ማለዳዋ ሰኮንድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኔም የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ እንቢታ ሥር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የግንቦት ወር፣ አንድ ምሽት፣ ግጥሞቼን የማኖርበትን ኮምፒውተር ላሻሽል ተቀመጥሁ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲሆን፣ እኔ የምጠቀመው ገና በሙከራ ላይ ያለውን ቅርንጫፉን ነበር። ትእዛዙን ሰጠሁ። ማሽኑ ቆጠረ፣ አሰላ፤ በመጨረሻም «የሚከተሉት ጥቅሎች ባሉበት ይቆያሉ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ መስመር ጽፎ ረጅም የስም ዝርዝር ደረደረልኝ። ስሕተት ነው አላለም፤ ምክንያትም አልሰጠም። በር ላይ እንደ ቆመ ዝምተኛ ዘበኛ «አይቻልም» ብሎ ብቻ ዝም አለ።

ይህ ዘበኛ ማን ነው? ከየትስ መጣ?

ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን አስኳል ለዓለም ያበረከተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። አስኳል ብቻውን ግን እንቁላል አይሆንም። በዙሪያው ያሉትን ፕሮግራሞች ሰብስቦ፣ አስማምቶ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ኢያን መርዶክ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በዘመኑ በነበሩት ስብስቦች ጉድለት ተማርሮ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993 ደቢያንን ይፋ አደረገ። ስሙን ያወጣለት የያኔ ፍቅረኛውን የዴብራን ስም ከራሱ ስም ጋር በማጣመር ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ተለያዩ፤ መርዶክም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በአጭር ተቀጨ፤ ስሞቻቸው ግን እስከ ዛሬ ሳይነጣጠሉ በየማሽኑ ይነበባሉ።

የደቢያን ታላቅ ሐሳብ እያንዳንዱን ፕሮግራም በጥቅል ማሰር፣ በጥቅሉም ላይ «እኔ ያለ እገሌ አልቆምም፤ ከእገሌ ጋርም አብሬ አልኖርም» የሚል የውል ቃል መጻፍ ነበር። ኢያን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ዲፒኬጂ የተባለውን የጥቅል አስተዳዳሪ እንደገና ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከደቢያን 2.1 ጋር የወጣው አፕት ደግሞ ውሎቹን ሁሉ አንብቦ የጎደለውን ከሩቅ የሚያመጣ ሆነ። እንግዲህ ያ ምሽት በር ላይ የቆመብኝ ዘበኛ አፕት ነበር፤ በእጁ የያዘውም ይህንኑ የውል መዝገብ ነው።

መዝገቡ ውስጥ የነበረውን ነገር ለመረዳት ወደ ሰዓት ታሪክ መሻገር ግድ ይላል። የዩኒክስ ቤተሰብ የሆኑ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰኮንድ ነው። ቁጥሩ ሲቀመጥ የኖረው በ32 ቢት ስፍራ ነበር። ይህ ስፍራ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ስፍራው የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው እጄ ለአፍታ ቆመ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፤ የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ። ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ አድረው፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ የሚባረከውን ውሃ በሚጠብቅበት ማለዳ፣ ያልታደሰ ማሽን ሁሉ አንድ ሰኮንድ ሲጨምር ቁጥሩ ይገለበጥና ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያገኘዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ከዐድዋ ድል ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው።

ባንክ ለሚሠራ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ተረት አይደለም። ዛሬ የሃያ ዓመት የቤት ብድር የሚፈርም ሰው የመጨረሻ ክፍያው የሚውለው ከዚያች ማለዳ ወዲያ ነው።

መድኃኒቱ ስፍራውን ወደ 64 ቢት ማስፋት ነው። ነገር ግን ስፍራው ሲሰፋ አሮጌው ፕሮግራምና አዲሱ የጋራ ላይብረሪ አይግባቡም፤ አንዱ ጠባብ ቁና ይዞ፣ ሌላው በሰፊ ቁና ይሰፍርለታል። ስለዚህ ደቢያኖች እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የሚነካቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ላይብረሪዎች ስማቸውን ለወጡ፤ በስማቸው ጫፍም «ቲ64» የሚል ምልክት ጨመሩ። አዲሱ ስም እንዲገባ አሮጌው ስም መውጣት አለበት። ተራው የማሻሻያ ትእዛዝ ደግሞ አዲስ ጥቅል ያስገባል እንጂ የተጫነውን አያስወጣም። ዘበኛው እንቢ ያለኝ ለዚህ ነበር፤ ያለ ፈቃዴ ከቤቴ ማንንም ላለማባረር።

ማስወጣት የሚችል ሌላ፣ ሙሉ ማሻሻያ የሚባል ትእዛዝ አለ። መጀመሪያ በልምምድ መልክ አስኬድሁት፤ ምንም ሳይነካ የሚያደርገውን ብቻ እንዲነግረኝ። የሚወገዱትን ዝርዝር ሳነብ ግማሹ የመስኮት ገጽታና የምጽፍበት ፕሮግራም ጭምር አሉበት። የአንዳንዶቹ አዲስ ቅጂ ገና አልደረሰም ነበር። ተውሁት። ግጥሞቼን በፍላሽ ገለበጥሁና ጠበቅሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልምምዱን ስደግመው የሚወገዱት አሮጌዎቹ ስሞች ብቻ ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸውም ፈንታ ባለ ምልክቱ ይገባል። ያኔ «እሺ» አልሁ።

መቸኮል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያው ዘመን አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ከሩቅ ወደ ማሽን የመግቢያው ሥራ ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን ተጠራጥሮ ሲመረምር፣ ኤክስዚ በተባለው የማመቂያ መሣሪያ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። የተመረዘው ቅጂ ደቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ ደርሶ ነበር፤ የተረጋጋው ቅርንጫፍ ግን አልነካካውም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 የወጣው ደቢያን 13 ባለ ሰፊው ቁና ሆኖ ወጣ። የቀረው ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል የተተወው ባለ 32 ቢቱ የኢንቴል ዘር ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የማሽን እንቢታ ሲገጥምህ በሩን ከመስበርህ በፊት ዝርዝሩን አንብብ። እኔን ያ ምሽት ያቆመኝ ዘበኛ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ቀድሞ የጥምቀትን ማለዳ እየጠበቀ ነበር።