ሰም፣ ወርቅና ቁልፍ፤ የምሥጢር ጽሑፍ ታሪክ ከቅኔ ቤት እስከ ኮምፒዩተር

1. መግቢያ

በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በሚባለው የጦማርያን ስብስብ ውስጥ የሚጽፉ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ውስጥ ተይዘው ታሰሩ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረት ክስ ቀረበባቸው። በክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ በኮምፒዩተር የሚላላኩትን መልእክት ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚያደርግ ዘዴ መሠልጠናቸው ነበር። ዘዴው «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚል ስም ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች ተዘጋጅቶ ለማንም በነፃ የሚሰጥ የመመሪያና የሶፍትዌር ስብስብ ነው። ከተከሳሾቹ አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተነሥቶ ተለቀቁ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብርተኝነት ክሱ ነፃ አላቸው።

የሕግ ባለሙያዎች ስለዚህ ክስ ብዙ ብለዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆነ ሰው ግን በዚህ መዝገብ ፊት ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል፤ በእኔም ላይ ተነሥቶብኛል። በምሥጢር መጻፍ በራሱ የጥፋት ምልክት ነው ወይ? ሰምና ወርቅን የሥነ ጽሑፉ አክሊል አድርጎ የሚቆጥር ሕዝብ ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልሰዋል? ይህ አጭር ጽሑፍ በቅኔ ቤት፣ በደብዳቤ፣ በመጽሐፍና በኮምፒዩተር የተደበቀ ቃል ያለፈበትን መንገድ በመከተል ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ ይሞክራል።

2. ማመሥጠርና መመሥጠር

ተወልጄ ያደግሁባት አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ደራ በምዕራብ ጣናን፣ በደቡብ ዓባይን ይዞ የተቀመጠ አገር ነው። ከደራ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ የቆሎ ተማሪ የጎጃምን የቅኔ ቤቶች ያገኛል፤ ዋሸራና ጎንጅ ከዋድላ ጋር በቅኔ መንገዳቸው ስማቸው የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው በእነዚህ ቤቶች የሚማረው በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን ነው። ሰሙ ለሁሉ ይሰማል፤ ወርቁ ግን ለሚመረምር ብቻ ይገለጣል።

ከዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በቅኔና በትርጓሜ ቤት «ማመሥጠር» ማለት ምሥጢርን ማውጣት፣ ማራቀቅ፣ ለሰሚው መግለጥ ነው። በዛሬው የኮምፒዩተር አማርኛ ግን «መመሥጠር» ወይም «ምስጠራ» የሚባለው መልእክትን ባለቁልፍ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መዝጋት ነው። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት አንዱ ለመክፈት፣ ሌላው ለመዝጋት ውለዋል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው እንዲገኝለት ነው። ቅኔው በጉባኤ መካከል በአደባባይ ይነገራል፤ የሚፈታውም ቁልፍ ትምህርት ነውና የተማረ ሁሉ ይፈታዋል። ወርቁን ያገኘ ቢበዛ ባለቅኔው ይከብራል እንጂ አይጎዳም። የተመሠጠረ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን የሚፈልገው አንድ አንባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰምና ወርቅ የዛሬው ምስጠራ አባት ነው ብሎ መናገር ነገሩን ማቃለል ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ነው፤ ሁለቱም ተናጋሪው ለማን እንደሚናገር ራሱ የመምረጥ ሥልጣን እንዳለው ያምናሉ።

ለአንድ አንባቢ የመጻፍ ጥበብም እጅግ የቆየ ነው። በዕብራይስጡ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 25 ቁጥር 26 ላይ «ሼሻክ» የተባለችው ባቢሎን ናት፤ የፊደሉ የመጀመሪያው በመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው እየተተካ የተጻፈ ስም ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ፈላስፋ አል ኪንዲ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፏል፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የትኛው ፊደል አዘውትሮ እንደሚመጣ የቆጠረ ሰው የተለወጠውን ፊደል ያገኘዋል። በእ.ኤ.አ. 1883 ኬርኮፍስ የተባለ የቋንቋ መምህር ደግሞ የምሥጢር ጽሑፍ ደኅንነት በቁልፉ እንጂ በዘዴው መደበቅ ላይ ሊመሠረት እንደማይገባው አስተማረ። ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ ምሥጢሩ መጠበቅ አለበት ማለቱ ነው።

3. የደብዳቤ አንባቢው ልጅ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው የግል ደብዳቤ የለውም። የሚጽፍለትም የሚያነብለትም ሌላ ሰው ነውና በመካከል ሁልጊዜ ሦስተኛ ጆሮ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል ቢያስቆጥርም፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንበሳሜ ደብዳቤ የሚጻፈውና የሚነበበው በአብዛኛው በተማሪ ልጆች ነበር። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። በ1975 ዓ.ም. ከታወጀው ብሔራዊ ውትድርና የተነሣ ወጣት ያለው ቤት ሁሉ ይፈራ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን በሌላ አገር ለሚሠራ ልጃቸው ሲያጽፉኝ፣ «ጥቁሩ በሬ ደኅና ነው፤ ከበረት ግን አይወጣም በልልኝ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ያሉኝን ጻፍሁ። በሬው ከምልመላ የተሸሸገው ታናሽ ወንድም መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እኒያ ሴት ቅኔ ቤት አልገቡም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ሆኖም ጸሐፊያቸው እንኳ የማያውቀው ደብዳቤ ላኩ። ከዚህ የምንረዳው በምሥጢር መጻጻፍ የሊቃውንት ወይም የሤረኞች ብቻ ሀብት አለመሆኑን ነው። በመካከሉ ጆሮ ያለበት ሰው ሁሉ የሚደርስበት የኑሮ ብልሃት ነው።

ሕጋችንም ይህን ዘግይቶ አላወቀውም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ ሕግ ከወሰነው በቀር የኢትዮጵያዊን የደብዳቤ ምሥጢር ማንም ሊደፍር እንደማይችል ደነገገ። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42፣ የአስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር መጻጻፍ ምርመራ እንደማይደረግበት ተናገረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም፣ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ26ኛው አንቀጽ፣ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ያረጋግጣል።

4. ሰሙ ያላዳናቸው መጻሕፍት

በአደባባይ ለሚታተም ጽሑፍ ግን ሰሙ ብቻውን ጋሻ ሆኖ አልተገኘም። ከባሕር ዳር ብዙም ከማይርቀው ከአቸፈር የተገኘው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያሳትም ታሪኩን በልብ ወለድ አገር ላይ አድርጎት ነበር። ሰሙ ያ አገር ነው፤ ወርቁ ግን ለአንባቢው እንደተገለጠ ሁሉ ለሹሙም ተገለጠና መጽሐፉ ተከለከለ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የሰሙን ንብር እጅግ አሳስቶት ነበር፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ነገሩ ከላይ በተጠቀሰው የቅኔ ጠባይ ይገለጣል። የሰምና ወርቅ ቁልፍ ትምህርት ስለሆነ መርማሪውም ሲማር ቁልፉን ይዞታል። እርሱም ያው የቅኔው አገር ልጅ ነውና።

5. የግል ኮምፒዩተርና የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ

እስከ 1960ዎቹ ድረስ አስተማማኝ የምሥጢር ጽሑፍ የሠራዊት፣ የኤምባሲና የባንክ ነበር። ላኪና ተቀባይ አስቀድመው በአንድ ቁልፍ መስማማት ነበረባቸው፤ ቁልፉንም የሚያደርስ የታመነ መልእክተኛ ያስፈልግ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1976 ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ችግር የሚፈታ ሐሳብ አሳተሙ። ሐሳቡን ለአገራችን አንባቢ በሙዳየ ምጽዋት ማስረዳት ይቻላል። በሙዳየ ምጽዋቱ ቀዳዳ ማንም አላፊ አግዳሚ ገንዘቡን ይከታል፤ የሚከፍተው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። እንደዚሁም እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል፤ መዝጊያውን ለዓለም ሁሉ ይሰጣል፤ መክፈቻውን ለራሱ ያስቀምጣል።

የግል ኮምፒዩተር በየቤቱ በገባ ጊዜ ይህ ሐሳብ ከሊቃውንት እጅ ወጣ። በእ.ኤ.አ. 1991 ፊል ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ ለማንኛውም ሰው የሚሆን የምስጠራ ሶፍትዌር ጽፎ በነፃ ለቀቀ። በአገሩ ሕግ ግን ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠር ስለነበር ለሦስት ዓመታት ያህል ምርመራ ተደረገበት፤ በእ.ኤ.አ. 1996 ያለ ክስ ተዘጋ። በዚያው ዘመን፣ በእ.ኤ.አ. 1993፣ የአሜሪካ መንግሥት መክፈቻው ቅጂ በመንግሥት እጅ የሚቀመጥ የስልክ መመሥጠሪያ አቅርቦ ነበር። ደብዳቤን ለዘላለም በአንባቢ ልጅ ፊት ማጻፍ እንደማለት ነው። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ አሳቡ ተትቷል።

ለሥነ ጽሑፍ ሰው ከሁሉ የሚደንቀው በእ.ኤ.አ. 1995 የሆነው ነው። የዚመርማን ሶፍትዌር ሙሉ ጽሑፍ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በዲስክ ድንበር ማለፍ የተከለከለው ነገር በወረቀት ላይ ሲሆን መጽሐፍ ነውና በአገሩ የጽሑፍ ነፃነት ጥላ ሥር ዋለ። ኮምፒዩተር የሚታዘዝበት ጽሑፍ ጽሑፍ ነው ወይስ መሣሪያ ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በእ.ኤ.አ. 1999 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የሐሳብ መግለጫ ነው ሲል ወሰነ።

6. ወደ አገራችን ስንመለስ

ጦማርያኑ የመረጡት ስም ራሱ ሰምና ወርቅ ነበር። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች እንዳሉት ሰምተው፣ ዘጠነኛው ዞን ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው አሉ። ቅኔያቸው በአደባባይ ነበር፤ ጽሑፋቸውንም በስማቸው ያወጡ ነበር። የመሠጠሩት በመካከላቸው የሚላላኩትን ነው። መርማሪው ሁለቱን አደባልቆ፣ የተዘጋ በር ሁሉ ሌባ አለበት እንደማለት ዓይነት ክርክር አቀረበ።

የምስጠራውም ኃይል ወሰን እንዳለው በዚያው ጊዜ ታየ። በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ በኮምፒዩተሮች ላይ እንደሚጫን አስታወቀ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በእ.ኤ.አ. 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ፤ የኢንተርኔት ስልክ ንግግሩ ለወራት ተቀድቷል ሲል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በእ.ኤ.አ. 2017፣ የውጭ መንግሥት በዚህ ዓይነት ነገር በአሜሪካ ሊከሰስ አይችልም በማለት የነገሩን እውነትነት ሳይመረምር ክሱን ዘጋው። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የተዘጋውን ሙዳይ አይሰብርም፤ እጅ ገና ገንዘቡን ሳይከት ያያል።

ከዚያም በላይ መንገዱ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታና የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። የቀረው ተራ ስልክ ነበር። በእነዚያ ወራት ከባሕር ዳር አንበሳሜ ደውዬ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ስል ስለ ዝናብ አልጠይቅም ነበር፤ «ትናንት ሌሊት በርትቶ ነበር፤ ዛሬ አባርቷል» ሲሉኝም ስለ ዝናብ አይነግሩኝም ነበር። ቁልፉ ሲወሰድ ሁላችንም ወደ ጥቁሩ በሬ ተመለስን።

7. ማጠቃለያ

በተቃራኒው የሚነገረው ክርክር ቀላል አይደለም። ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ወንበዴም፣ ወገንን በወገን ላይ የሚያነሣሣም በተመሠጠረ መልእክት ይጠቀማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ራሱ ለአገር ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላምና ወንጀልን ለመከላከል ሲባል አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር መብቱ በዝርዝር ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ግን የአንድን ተጠርጣሪ ደብዳቤ በሕግ መክፈትን ይመለከታል። ቁልፍ መያዝን ወይም ቁልፍ መሥራት መማርን ጥፋት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሚጠየቀው የተደረገው ክፉ ሥራ መሆኑ ይቀርና ሰው ሳይሰማ መነጋገር መፈለጉ ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 652/2001 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሁለቱም የሚመዘኑት በአፈጻጸማቸው ነው። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ድርሻ ግን ከሕጉ ቃል ቀድሞ ያለውን ነገር ማስረዳት ይመስለኛል። ተማሪዎቻችን ሰምና ወርቅን እንደ ጌጥ ብቻ ይማሩታል፤ ለምን እንዳስፈለገ ግን እምብዛም አይጠየቁም። የደብዳቤ አጻጻፋችን፣ በመርማሪ ፊት ያለፉ መጻሕፍታችን፣ የዛሬው የስልክ ንግግራችንም ጭምር በአንድ የጥናት መስክ ሥር ቢሰበሰቡ፣ በምሥጢር መጻፍ በዚህ አገር ከውጭ የመጣ የሤራ ሥልጠና አለመሆኑ በማስረጃ ይታያል። ፊደል ያልቆጠሩት ጎረቤታችን ያውቁት ነበርና።