ጉሮሮ ሳይታመም ድምፅ ሲጎረንን

በሬዲዮ ላላዳመጣችሁ፣ ያለፈውን የጤና ዝግጅታችንን እነሆ በጽሑፍ።

ድምፃችን ሲጎረንን «ብርድ መታኝ» ብለን ዝንጅብል በሻይ እንጠጣለን። ብዙውን ጊዜም ይሻለናል። እኔም ቤት ለቤት ስዞር፣ ድምፃቸው ከተዘጋ ሁለት ወር የሆናቸውን አንዲት እናት ይህንኑ መክሬ ሄድኩ። በሌላ ቀን ልጃቸው «እማዬ ትንፋሽ እያጠራት ሌሊት ቁጭ ብላ ነው የምታድር» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ በትምህርት ቤት የተማርኩት ታሪክ ትዝ አለኝ።

ከ1800 ዓመታት በፊት ጋለን የተባለ ግሪካዊ ሐኪም በሮም ከተማ በሚጮህ አሳማ ላይ ሙከራ አደረገ። በአንገቱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች ሲያስራቸው ጩኸቱ ጸጥ አለ። ድምፅን የሚያዘው ነርቭ በዚህ ታወቀ።

የግራው ነርቭ መንገድ ያስገርማል። ከጭንቅላት ወደ ደረት ይወርድና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ስር ዞሮ እንደገና ወደ ጉሮሮ ይመለሳል። ስለዚህ ልብ ወይም በአጠገቡ ያለ የደም ሥር ሲያብጥ ነርቩ ይጨመቃል፤ ድምፅም ይጎረንናል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ኖርበርት ኦርትነር የተባለ የቪየና ሐኪም ይህን ጻፈ። ሕመምተኞቹ ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭ የጠበበባቸው ነበሩ። ቫልቩን በአብዛኛው የሚያጠበው፣ በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ የጉሮሮ ሕመም የያዛቸው የአሜሪካ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ይህ ትኩሳት እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ በሀብታም አገሮች በሽታው ብርቅ ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን አሁንም ወጣቶችን ይቀጥፋል።

እኚያ እናት ክሊኒክ ሄደው ልባቸው ሲመረመር ሕመሙ ተገኘ፤ አሁን መድኃኒት ላይ ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልመክርም።

እናንተስ?

• ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ተመርመሩ። መንስኤው ልብ ባይሆንም የሳንባ ነቀርሳ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል።
• ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ካለ ሦስት ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።
• ድንገተኛ ኃይለኛ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ካለ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዩ።
• ልጃችሁን ጉሮሮው ካመመውና ካተኮሰው ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። የታዘዘለትን መድኃኒት ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ይውሰድ።

ሳምንት እስክንገናኝ ጤናችሁ ይብዛ!