የልጆቻችንን ልብ ማድመጥ፦ የዘነጋነው ቅርሳችን

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬውን ርእስ ያነሳሳን ዲላ ውስጥ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደኛ የመጡ አንዲት እናት ጥያቄ ነው። ልጃቸው በጉርምስና ዕድሜ ላይ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ትምህርቱን ትቷል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ሲናገሩት ይቆጣል። እናቲቱ፣ “ጂን ነው የሚሉ አሉ፤ ዐይን ነው የሚሉም አሉ፤ አባቱ ደግሞ ጥጋብ ነው ይላል። ሸኽ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” አሉን። ልጁን አቀረብነው፤ ቁርኣን ቀራንበት፤ ሶብር እንዲያደርግ መከርነውና ሸኘነው። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረግን። በእነዚህ ሦስት ቀናት ግን አንድም ጊዜ “ልጄ፣ ምን አገኘህ?” ብለን አልጠየቅነውም። በአራተኛው ስንጠይቀው ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ሳለ ከቤታቸው ሸሽተው የወጡበትን ሌሊት ነገረን። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የኛ ነበር።

ያንን ዓመት የጌዴኦና የጉጂ ሕዝብ አይረሳውም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። በገደብ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬና በዲላ ትምህርት ቤቶች፣ የእምነት ቦታዎችና ያላለቁ ሕንፃዎች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። ያኔ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች የነበሩት ዛሬ ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው። ቤቱ እንደገና ተሠርቷል፤ ቡናውና እንሰቱ እንደገና ተተክሏል። በልጆቹ ልብ ውስጥ የቀረውን ግን ማን ጠየቀ?

ውድ ወገኖቻችን! “የሥነ ልቦና ምክር” ሲባል ብዙዎቻችን የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። “ሙእሚን ምን ጭንቀት አለበት? ኢማኑ ቢደክም ነው እንጂ” እንላለን። ታሪካችንን ስንመረምር ግን የተለየ ነገር እናገኛለን።

ከቁርኣን እንጀምር። በሱረቱ ዩሱፍ የተነገረው ታሪክ የሚጀምረው አንድ ልጅ ያየውን ሕልም ለአባቱ ሲነግር ነው። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ሰሙ፤ በፍቅር ጠሩት፤ ሊመጣበት ከሚችለው አደጋ የሚጠብቀውን ምክር ሰጡት። አላፌዙበትም፤ አልገሠጹትም። ኋላም ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጠፉ ጊዜ ከሐዘናቸው ብዛት የያዕቁብ ዓይኖች ነጡ። ነቢይ ናቸው፤ ሶብራቸውም ያማረ ነበር። ሐዘን ሰውነታቸውን ከጎዳው፣ ያዘነን ልጅ ሁሉ ኢማነ ደካማ ማለት ከየት አመጣነው?

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ እንመልከት። ኢማም አሕመድ ከአቡ ኡማማ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ አንድ ወጣት መጥቶ ዝሙት እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ሰዎቹ ጮኹበት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን አስጠጉት፤ አጠገባቸው አስቀመጡት። ለእናቱ፣ ለሴት ልጁ፣ ለእህቱ፣ ለአክስቶቹ ይህን ይወድ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁት፤ እርሱም ለእያንዳንዱ መለሰ። ከዚያም እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ! መጀመሪያ ማቅረብ፣ ቀጥሎ ማድመጥ፣ ከዚያ ልጁ ራሱ አስቦ እንዲደርስበት መጠየቅ፣ በመጨረሻ ዱዓ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከጩኸቱ ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክም (ረ.ዐ.) በአሥር ዓመታቸው ገደማ ረሱልን ማገልገል ጀምረው አሥር ዓመት ሙሉ ሲያገለግሉ፣ ማለትም የጉርምስና ዘመናቸውን በሙሉ፣ አንዲት የማማረር ቃል እንዳልሰሙ መስክረዋል።

ከዚህ ምንጭ የጠጡ ሊቃውንት በኋላ ዘመን ዕውቀቱን አስፋፍተውታል። ከእነርሱ አንዱ አቡ ዘይድ አል በልኺ ናቸው። በ235 ዓመተ ሂጅራ (850 እ.ኤ.አ.) ገደማ በዛሬዋ አፍጋኒስታን በበልኽ አካባቢ ተወልደው፣ በ322 ዓመተ ሂጅራ (934 እ.ኤ.አ.) አልፈዋል። በጂኦግራፊም የታወቁ ነበሩ። “መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ” ማለትም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደኅንነት የሚናገር መጽሐፍ ጻፉ። በዚያ መጽሐፍ ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን መዘንጋታቸውን ነቅፈዋል። አንድ ሰው ከባድ የአካል በሽታ ሳይነካው ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል፤ የነፍስ ሕመም ግን ማንንም ሳይጎበኝ አያልፍም ይላሉ።

አል በልኺ የነፍስን ሕመም በአራት ከፈሉት፦ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ወስዋስ። ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ብለው ለይተውታል፤ ምክንያቱ የማይታወቀው ከአካል ሊመነጭ ስለሚችል የአካል ሕክምናም ያሻዋል አሉ። መድኃኒቱ ከሁለት ወገን እንደሚመጣም ገልጸዋል፤ አንዱ ሰው በራሱ አስተሳሰብ የሚያገኘው፣ ሌላው ከውጭ፣ ከሚመክረው ሰው የሚያገኘው። የታመመ አካል ራሱን ማከም እንደሚያቅተው፣ የተጨነቀ ልብም ሐሳቡ ስለሚጋረድበት የሌላ ሰው ምክር ያስፈልገዋል። ደግሞም ሰው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ ለክፉ ቀን እንደሚያቆይ፣ በሰላም ጊዜ መልካም ሐሳቦችን በልቡ ያኑር ብለዋል። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሐሳብን በማስተካከል ስሜትን ማከም የሚሉት ዘዴ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ዋና ሐሳቡን ግን ከሺህ ዓመት በፊት በልኺ ጽፈውታል።

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ549 ዓመተ ሂጅራ (1154 እ.ኤ.አ.) ኑረዲን በደማስቆ፣ በ683 (1284 እ.ኤ.አ.) ሡልጣን ቀላዉን በካይሮ ቢማሪስታን የሚባሉ ሆስፒታሎችን አሠሩ፤ በካይሮው የአእምሮ ሕሙማን የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ሐለብ ውስጥ በ755 (1354 እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የአርጉን ቢማሪስታን ውስጥ ሕሙማኑ ፏፏቴ ባለበት ግቢ ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ወጪያቸው የሚሸፈነው ከወቅፍ ነበር። ሁሉም ነገር ያማረ ነበር አንልም፤ በሰንሰለት የሚታሰሩም ነበሩ። ሆኖም የአእምሮ ሕመምተኛ የሚታከም ሰው መሆኑን ማኅበረሰቡ ተቀብሎ ነበር።

ታዲያ ቅርሱ የት ጠፋ? የአል በልኺ መጽሐፍ ኢስታንቡል በአያሶፊያ ቤተ መጻሕፍት ለዘመናት ተቀምጦ ነበር፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ፉአት ሰዝጊን በፍራንክፈርት የእጅ ጽሑፉን በፎቶ አሳተሙት። ከዚያም የጎረቤታችን የሱዳን ተወላጅ የሆኑት የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ (1932–2021 እ.ኤ.አ.) የነፍሱን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ለአንባቢ አቀረቡት። እኚህ ሰው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ንድፈ ሐሳብ ሳያጣሩ እንዳይቀበሉ አጥብቀው ያስጠነቀቁ ናቸው። ሙያውን ግን አልጣሉም፤ አጥርተው ያዙት እንጂ።

በአገራችን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከዲላ ለሚነሣ ቤተሰብ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ዛሬ ግን በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መንገዱ አጥሯል፤ የቀረን እፍረታችንን ማሳጠር ነው።

ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። በዚህ ዕድሜ አካል ፈጥኖ ያድጋል፤ ስሜት ይግላል፤ ነገርን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ገና እየበሰለ ነው። ሸሪዓው ልጁ ሲደርስ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ወላጅ ግን ብቻውን እንዲሸከመው ይተወው ማለት አይደለም።

ምክር ሰጪው ባለሙያ ምን ያደርጋል? ልጁን ያለ ፍርድ ያደምጠዋል። ምስጢሩን እንደ አማና ይጠብቃል፤ የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለወላጅ ይናገራል። ፍርሃቱ ከየትኛው ሐሳብ እንደሚነሣ እንዲለይ ያግዘዋል። ከሚሸሸው ነገር ጋር በትንሽ በትንሹ ያለማምደዋል፤ እንቅልፉን ያስተካክልለታል። መድኃኒት የሚሻ ከሆነ ወደ ሐኪም ይመራዋል። ይህ ሩቅያን አይቃወምም። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለ ያስተማሩን፣ ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ ያሉን እርሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። እኛም ለዚያች እናት በመጨረሻ ያልናቸው ይህንኑ ነው፦ ቁርኣኑን እንቀራለን፣ ልጁን ደግሞ ሆስፒታል ይውሰዱት።

የምንኖርበት ምድርም ይህን ጥበብ ያውቀዋል። በባሌ ሥርዓት የጌዴኦ ሕዝብ ለእያንዳንዱ ዕድሜ ደረጃና ድርሻ ሰጥቷል፤ በሶንጎም ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰውን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ውስጥ እነዚህ ሶንጎዎች አሉ። ለከብትና ለድንበር ክርክር የምንሰጠውን ትዕግሥት ለገዛ ልጃችን እንንፈገዋለን?

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ! የልጅ ኩርፊያ ሁሉ በሽታ አይደለም። ነገር ግን እንቅልፉና ምግቡ ለሳምንታት ከተዛባ፣ ከሰው ከተለየ፣ ጭንቀቱን በጫት ሊያስታግስ ከጀመረ ጠይቁት። ስለ ሞት ማውራት ካበዛ፣ ራሱን እጎዳለሁ ካለ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። አትምቱት፤ አትሰሩት። እኛ ኢማሞችና የመድረሳ ኡስታዞችም ከመቅራታችን በፊት መጠየቅን፣ ከመምከራችን በፊት ማድመጥን እንልመድ።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ልብ ያረጋጋልን፤ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን፤ ለኛም የሚያደምጥ ጆሮ ይለግሰን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።