የሕፃናት የአንጎል ቲቢ እና ምስሉ፦ ከኤዲንብራ እስከ ደሴ

ሕፃናትን ከሚይዙ የቲቢ ዓይነቶች የአንጎልን ሽፋን እንደሚያጠቃው የከፋ የለም። የኤዲንብራው ሐኪም ሮበርት ዊት ስለዚህ ሕመም የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1768 ነው። ልጁ በመጀመሪያ ይነጫነጫል፣ ያስመልሰዋል፤ ቀጥሎ ይፈዛል፣ ዓይኑ ይንሸዋረራል፤ በመጨረሻ ራሱን ይስታል። ዊት ካያቸው ሕሙማን አንዱንም እንዳላዳነ አልደበቀም።

ጀርመናዊው ሐኪም ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ተህዋሲ አገኘ፤ የአገሩ ሰው ሐኪሙ ኩዊንክ በ1891 በመርፌ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳትን አስተማረ። ሆኖም በፈሳሹ ውስጥ ተህዋሲው በጣም ጥቂት ስለሚሆን ማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ዛሬ የምንጠቀምበት፣ የተህዋሲውን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ እንኳ «የለም» ሲል ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ከዚህ ሕመም መዳን ተቻለ፤ ጭንቀቱም ማን መድኃኒት ይጀምር ወደሚለው ዞረ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ መሐንዲሱ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል አነሳ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ በውጭ ምልክት ብቻ ይገምተው የነበረው ነገር አሁን ይታያል፦ መውጫ ያጣ ውሃ የወጠራቸው የአንጎል ክፍተቶች፣ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ሲገባ የሚነጣው የአንጎል ሥር፣ ደም ተቋርጦበት የሞተ ክፍል፣ አንዳንዴም የቲቢ እባጭ። ኤምአርአይ ደግሞ የሞተውን ክፍል ቀደም ብሎ ያሳያል። ምስሉ የሚያሳየው ግን ተህዋሲው ያደረሰውን ጉዳት እንጂ ተህዋሲውን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና መስሎ የሚታይ ምስል ማንንም ማዘናጋት የለበትም።

ምስሉን ለማንሳት ግን መሣሪያውም ሆስፒታሉም መኖር አለባቸው፤ በደሴ ደግሞ የሆስፒታል ታሪክ ከጦርነት ተለይቶ አያውቅም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም ተመታ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ወደመ። እንደ ስካን ያለ መሣሪያ በጠፋ ቁጥር ጉዳቱ የሚደርሰው ከኮምቦልቻም ከገጠር ወረዳዎችም ወደ ደሴ በሚላከው ልጅ ላይ ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚዘርፍ ሰው ልጅ እየገደለ መሆኑን አምናለሁ።

ስካን በሌለበትም ባዶ እጅ አይቀመጥም። የሕፃኑ እርግብግቢት ገና ካልገጠመ የአልትራሳውንዱን ጫፍ እዚያ ላይ አሳርፎ ውሃው መጠራቀሙን ማየት ይቻላል፤ መሣሪያው እናቶች ጽንሳቸውን የሚታዩበት ነው። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩን መጠየቅም ምንም አያስወጣም።

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ከሳምንት በላይ ካተኮሰው፣ ካስመለሰውና እንደ ወትሮው ካልተጫወተ፣ በተለይ ቤታችሁ የቲቢ ታማሚ ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ታማሚ በቤት መኖሩንም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪሞችም ጥርጣሬው ከበረታ ሪፈር የተጻፈለት ስካን እስኪደርስ መድኃኒቱን አታዘግዩ።