ከቀንጢቻ ማዕድን እስከ ኒው አልባኒ ማሳ፦ የኳንተም ቁሶች ታሪክና የእኛ ድርሻ

አገራችን በተፈጥሮ ሀብት የታደለች መሆኗን መመስከር በስደት በምንገናኝበት ጉባኤ ሁሉ የተለመደ ነው። ወርቁ፣ ፖታሹ፣ ታንታለሙ ተቈጥሮ ካበቃ በኋላ፣ «ታዲያ ድህነቱ ከየት መጣ?» በሚል ጥያቄ ንግግሩ ይዘጋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ጥያቄው የቆመበት መሠረት ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። ቁስ በራሱ ሀብት አይደለም። ሀብት የሚሆነው ጠባዩን የሚመረምር፣ ምርምሩንም ለተከታይ ትውልድ የሚያስረክብ ተቋም ሲኖር ነው። ለዚህ ሐሳብ የኳንተም ቁሶች ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሰጠናል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ኒው አልባኒ በ1837 የተቈረቈረች የገበሬዎች መንደር ነበረች። በጥር 2022 የኢንቴል ኩባንያ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሁለት የቺፕ ፋብሪካዎች በዚያ እንደሚያቆም አስታወቀ። በመስከረም 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን በተገኙበት የመሠረት ሥራው ተጀመረ። ምርቱ በ2025 እንዲጀመር ታስቦ ነበር፤ በየካቲት 2025 ግን ኩባንያው የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ የሚጀምረው በ2030 ወይም በ2031 እንደሚሆን ገለጸ። ኒው አልባኒ ስትመረጥ ከመሬቷ በታች የተለየ ማዕድን ስለ ተገኘ አልነበረም። በምርጫው ውስጥ ከመሬቱ ስፋትና ከግዛቱ መንግሥት ድጎማ ጋር የዩኒቨርሲቲዎቹና የሠለጠነው ሰው ቅርበት ተመዝኗል። ኩባንያውም ለትምህርት ተቋማት 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቷል። ያም ሆኖ ይህን ያህል ገንዘብ የተመደበለት ዕቅድ እንኳ በተባለው ጊዜ አልደረሰም።

ከፋብሪካው ይልቅ የታሪክ ተመልካች ሊያተኩርበት የሚገባው በዚያው በኮሎምበስ በጸጥታ የሚካሄደው ሥራ ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2008 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የአዳዲስ ቁሶች ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። በ2013 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በአንድ አቶም ውፍረት ከተነጠፈ ጀርማኒየምና ከሃይድሮጂን የተሠራ «ጀርማኔን» የተባለ ቁስ አበረከቱ። ዛሬ በሲሊከን የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነገ የትኛው ቁስ ሊረከብ እንደሚችል የሚጠየቀው በእንደዚህ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ነው።

የኳንተም ሕግጋት በማንኛውም ቁስ ውስጥ ይሠራሉ። በአብዛኛው ግን ውጤታቸው በአቶሞቹ ብዛት ተውጦ ለዓይን ሳይገለጽ ይቀራል። የኳንተም ቁሶች የሚባሉት በኤሌክትሮኖቻቸው ኅብረት ምክንያት ይህን ስውር ጠባይ በሚለካና በሚጨበጥ መጠን የሚያሳዩት ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በልዕለ አስተላላፊ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች ተጣምረው እንደ አንድ አካል ስለሚንቀሳቀሱ፣ ለኤሌክትሪክ የሚደረገው ተቃውሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን ክሥተት በ1911 በሌይደን ከተማ ካመርሊንግ ኦነስ ባዜቃን እስከ 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ አቀዝቅዞ አገኘው። ምክንያቱን ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ያስረዱት ግን በ1957 ነው። ጥያቄው ሁለት የዓለም ጦርነቶችን ተሻግሮ አርባ ስድስት ዓመት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ቈየ። ዛሬ ከሚሞከሩት የኳንተም ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ ክሥተት ላይ ነው። ጥቂት ኀይል የሚፈጅ የመረጃ ማከማቻና እጅግ ስሱ የሆነ መለኪያም ከእነዚህ ቁሶች ይጠበቃል።

ታሪኩ ወደ እኛ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኳንተም ኮምፒዩተር መሠረታዊ ክፍል የሆነውን ኪዩቢት ከታንታለም ሠርተው፣ የኳንተም ጠባዩን ከ0.3 ሚሊሰከንድ በላይ እንደሚጠብቅ አሳዩ። ይህ ለተራ ሰው ኢምንት ቢመስልም ለእንዲህ ያለው ኪዩቢት ረጅም ዕድሜ ነው። ታንታለም ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጉጂ ምድር በቀንጢቻ፣ ከ1990 ጀምሮ ሲመረትና ሳይጣራ ወደ ውጭ ሲላክ የቈየ ማዕድን ነው። ከቀንጢቻ የወጣው በዚያ ሙከራ ገብቷል ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ከአንድ ዓይነት ብረት እኛ በሚዛን የሚከፈል ጥሬ ዕቃ ስንሸጥ፣ ሌሎች አዲስ ዕውቀት አወጡበት ነው።

የሰዉ ታሪክም ከማዕድኑ አይለይም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኀይሌ በ1975 በጥይት ቈስለው ሽባ ከሆኑ በኋላ ተሰደው፣ በሚኒሶታ የብራና መጻሕፍቶቻችንን ዝርዝር በማዘጋጀት እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 2021፣ ኖረዋል። በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱት ልጃቸው ፕሮፌሰር ሶስና ኀይሌ የቁስ ሳይንስን መርጠው፣ በ2001 ጠጣር አሲዶች ለነዳጅ ሴል እንደሚያገለግሉ ያሳየውን ጥናት ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። አባት ብራናን፣ ልጅ ክሪስታልን ሲመረምሩ ሁለቱም በእንግድነት የተቀበላቸው ተቋም ነበራቸው። ከአገር ሳይወጡ የቀሩትንም መርሳት አይገባም። የፊዚክስ ሊቁ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን እስርንና ሥቃይን ተቀብለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳኻሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። ሽልማቱ ለእርሳቸው ክብር ሲሆን፣ ለእኛ ግን ወቀሳ አለበት። አንድ ሰው በትዕግሥቱ ብቻ የተቋምን ሸክም እንዲሸከም መተው የለበትምና።

«እንጀራ ለጐደለው ሕዝብ ኳንተም ምን ያደርግለታል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም የቺፕ ፋብሪካ ይሠራ የሚል ሐሳብ አላቀረብንም። የኒው አልባኒ መዘግየት እንዲህ ያለው ሕልም ለባለጠጎችም ቀላል አለመሆኑን አሳይቷል። የቲዎሪ ፊዚክስ ግን ከመጽሐፍ፣ ከኮምፒዩተርና ከመምህር በላይ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የራስን ማዕድን በራስ ቤተ ሙከራ መርምሮ ጠባዩን ማወቅም ከማጣሪያ ፋብሪካ በፊት የሚመጣ፣ ከእርሱም እጅግ የረከሰ ሥራ ነው።

ስለዚህ በባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምናገለግል ሁሉ ከገንዘብ መዋጮ በፊት ልንሰጠው የምንችለው ነገር አለ። አገር ቤት ያለ አንድ ተመራቂ ተማሪን ከአገር ቤት መምህሩ ጋር በጋራ ማማከር፣ የዕረፍት ዓመታችንን በዚያ ማስተማር፣ የሚላክ መሣሪያ ሲኖርም የሚጠግነውን ባለሙያ አብሮ ማሠልጠን ይቻላል። ይህ ሥራ ፍሬውን በእኛ ዕድሜ ላያሳይ ይችላል፤ በሌይደን የተጀመረውን ጥያቄ የመለሱት ሲጠየቅ ገና ያልተወለዱ ወይም ጨቅላ የነበሩ ሰዎች ናቸው።