በሁለቱ ዙር መካከል

በዶርማችን ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ላይ ደርሰን እንቆማለን፤ በምርጫ የማያምን ፓርቲ በምርጫ ቢያሸንፍ ሥልጣን ይረከብ ወይስ ይከልከል? ግማሾቻችን «የሕዝብ ድምፅ ነውና ይረከብ!» እንላለን። ግማሾቻችን «ዲሞክራሲን ሊቀብር የመጣ በዲሞክራሲ በር አይገባም!» ብለን እንጮኻለን። መቼም ጩኸት መልስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተገኘ ነበር። እስቲ ይህ ጥያቄ በደም ወደተፈተነባት አገር፣ ወደ አልጄሪያ እንሂድ። (ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን ነው።)

ፈረንሳይን ተዋግቶ ያስወጣው ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ከ1962 ጀምሮ አገሪቱን ብቻውን ገዛ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ ካዝናው ተራቆተ፤ ሥራ አጡ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ መዋል ሆነ ሥራው። በኦክቶበር 1988 አደባባይ ቢወጣ ሠራዊቱ ተኮሰበት፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቻድሊ ቤንጀዲድ ደንግጠው በ1989 ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ፤ ፓርቲ ማቋቋም ተፈቀደ።

ታዲያ ያን ጊዜ ተደራጅቶ የተገኘው ማን ነበር? ለሠላሳ ዓመት ገደማ ማኅበሩም ጋዜጣውም በመንግሥት እጅ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት መስጊድ ግን ነበር። እስላማዊ የመዳን ግንባር ከዚያ ወጣ። ከመሪዎቹ አባሲ መደኒ ለስለስ አድርገው ሲናገሩ፣ ዓሊ በልሐጅ ግን ዲሞክራሲ ክሕደት ነው ይሉ ነበር። ግንባሩ በጁን 1990 ከማዘጋጃ ቤቶቹ ከግማሽ በላይ አሸነፈ። በጁን 1991 ሁለቱም መሪዎች ታሰሩ።

ዲሴምበር 26 ቀን 1991 የምክር ቤቱ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ተካሄደ። ከ430 ወንበር 231ዱ ዕለቱን ሲለይለት፣ 188ቱን እስላማዊው ግንባር ወሰደ። ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ድምፅ የሰጡት 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው፤ ከተመዘገበው መራጭ ከአራቱ አንዱ መሆኑ ነው። ከመቶ አርባ የሚያህለው ቤቱ ቀርቷል። ከትክክለኛው ድምፅ ግማሽ ያልሞላ ያገኘው ፓርቲ ከተለየው ወንበር ከመቶ ሰማንያ በላይ ያዘ። የምርጫ ሕጉንና ክልሉን ደግሞ ገዢው ወገን ነበር ለራሱ እንዲመች አድርጎ የሠራው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይላል አገራችን።

በመካከል ያሉትስ? የማሕፉዝ ነሕናሕ ለዘብተኛ እስላማዊ ፓርቲ አንድም ወንበር አላገኘም። የሆሲን አይት አሕመድ የሶሻሊስት ኃይሎች ግንባር 25 አገኘ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 አይት አሕመድ በአልጀርስ ታላቅ ሰልፍ ጠሩ። ጥሪው ግልጽ ነበር፤ የፖሊስ መንግሥትም የአክራሪ መንግሥትም አንፈልግም፤ ሁለተኛው ዙር ግን ይካሄድ፣ የቀረውም ሰው ወጥቶ ይምረጥ።

ሰሚ አልተገኘም። ጃንዋሪ 11 ቻድሊ ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግሥቱ ሁለተኛው ዙር ተሰረዘ። ከስደት የተጠሩት አንጋፋው ታጋይ ሞሐመድ ቡዲያፍ መንበሩን ይዘው ስድስት ወር ሳይሞላቸው በአናባ ንግግር ሲያደርጉ ተገደሉ። እስላማዊው ግንባር ታገደ፤ ምርጫ ኩፍር ነው ያሉት ታጣቂዎች «አላልናችሁም ነበር?» ለማለት በቁ። በጃንዋሪ 1995 አይት አሕመድና የሁለቱ ግንባሮች ሰዎች ሮም ላይ ተቀምጠው በሰላም መውጫ መንገድ ተፈራረሙ፤ መንግሥት አልቀበልም አለ። በዚያ ዐሥር ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

እንግዲህ የዶርማችን ጥያቄ ራሱ ዘግይቶ የተጠየቀ ይመስለናል። ኮሮጆው ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፤ የተሸነፈ ሰው በማግሥቱ በሰላም ይተኛል ወይ? አሸናፊውስ ነገ ሊሸነፍ እሺ ብሏል ወይ? ይህን ቃል ሳይያዙ የገቡበት ምርጫ ለአንዱ መቀበሪያ፣ ለሌላው መቅበሪያ ነው። መሐል ላይ የቆመውንም «ወላዋይ» ብለን ስንሰድብ የኖርን ሁሉ፣ ያን የጃንዋሪ ሰልፍ እናስታውስ። የተሰረዘው ዙር የእነሱም ነበር።